የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ አጎት

በአሜሪካ ምርጫ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ? ገብሴን አጭጄ፣ ከብቴን ጠብቄ የምኖር ሰው ነኝ። እዚያ ማን እንደተመረጠ፣ ማን እንደወደቀ ብሰማም ባልሰማም ጎተራዬ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይኸው ግን በአሜሪካ ምርጫ ምክንያት ምራቴ የሻረግ የስድስት ወር ልጇን አዝላ ከቤቴ ወጥታለች። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ግን አንጀቴ አርሯል፤ ከማን ጀምሬ እንደምቆጣ ራሱ ጠፍቶብኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እንድርያስ እባላለሁ። አገሬ ታች ጋይንት ነው፤ ከአርብ ገበያ የሁለት ሰዓት መንገድ። ታፈረ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ገና ፍርድ ቤቱም ፖሊሱም በወጉ ሳይቆም፣ በሬህ ሽምብራዬን በላ አልበላም በሚል ከወንዝ ማዶ ካለ አንድ የስማዳ ሰው ጋር ተጣላ። ዱላ ተማዘዙ። ሰውየው ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀና በሦስተኛው ቀን ሞተ። ታፈረ ሚስቱንና የአራት ዓመት ልጁን ህይወትን ይዞ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ስደተኛ ተብሎ አሜሪካ ሄደ። እሱ አመለጠ፣ ደሙ እኛ ላይ ቀረ።

ደም ያለበት ቤት እንዴት እንደሚኖር ያላየ ሰው ዝም ብሎ ይመስለዋል። ሰባት ዓመት አርብ ገበያ አልወጣሁም። ሳርስ አንድ ዓይኔ በሬው ላይ፣ አንድ ዓይኔ ጥሻው ላይ ነበር። የእናቴን ተዝካር እንኳ ዘመድ ፈርቶ ሳይመጣ ብቻዬን አወጣሁ። በመጨረሻ ሽማግሌ ለምኜ፣ ቄስ ለምኜ፣ በአንገቴ ድንጋይ ተሸክሜ ከሟቹ ወንድም ከእሸቱ ደጅ ተንበረከክሁ። ድንጋዩን የሚሸከመው ገዳዩ ነው፤ ገዳዩ ግን አሜሪካ ነበር፣ ስለዚህ እኔ ተሸከምሁ። እሸቱ ሦስት ጊዜ መለሰኝ። በአራተኛው «አውርደው» አለኝ።

የደሙን ካሳ በበሬ ሰጠን፣ በግ ታረደ፣ አባ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ሁለቱን ቤት አስማሉ። መሐላው እንዲህ ነበር። ነገሩ ዳግመኛ አይነሣም። የሟቹ ስም በእኛ ቤት አይጠራም። ከሁለቱ ቤት ቀድሞ «ደሙ አልደረቀም» ያለ፣ እርቁን ያፈረሰ እሱ ነው፤ ግዝት አለበት። ማሰሪያው ደግሞ ጋብቻ ሆነ። ሟቹ ትቷት የሞተው ሕፃን፣ የሻረግ፣ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስታድግ ለልጄ ለማቴዎስ እንድትሰጥ ቃል ተገባ። አደገች፣ ተዳረች፣ ሦስት ወለደች። እኔም ገበያዬን መውጣት ጀመርሁ። አገሩ ሁሉ እርቅ ማለት የእነ እንድርያስና የእነ እሸቱ ነው ይል ነበር። በዚህ እኮራለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ታፈረ ከአሜሪካ ይደውል ነበር፤ ወሬው ሁሉ ስለ ልጁ ነው። ህይወት ሕግ ተማረች። ህይወት ዐቃቤ ሕግ ሆነች። ጥሩ ነው አልሁ፤ ለደብሩ ሰውም አወራሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ «የአውራጃው ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆና ተመረጠች» አለኝ።

«ማን መረጣት?»

«ሕዝቡ ነዋ። እዚህ ዐቃቤ ሕግ በድምፅ ነው የሚመረጠው። በር ለበር ዞራ ለምና ነው ያገኘችው።»

«ሌባ የምታስር ሴት ሌባውን ምረጠኝ ብላ በሩን ታንኳኳለች?» አልሁት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር፤ እስከ ዛሬም አልገባኝ።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር። «ታፈረ፣ እሸቱን አንድ ቀን በስልክ አነጋግረው። ድንጋዩን እኔ ተሸከምሁልህ፤ አንተ ድምፅህን ብቻ አሰማው» እለዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ልጅቱ ፈተና ላይ ናት፣ ይህ ይለፍ።» «ልጅቱ ቅጥር ላይ ናት፣ ይህ ይለፍ።» «አሁን ምርጫ ላይ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ያበላሽባታል።» የልጅቱ ደረጃ አላልቅ ብሎ እሱ ቀድሞ አለቀ። እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። እሸቱ ለቅሶ መጥቶ እኔ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። ለወንድሙ ገዳይ ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ነው እንግዲህ።

ባለፈው ዓመት ህይወት ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ልትወዳደር ነው ተባለ። አንድ አውራጃ አይደለም፣ ስቴት የሚሉት ነው፤ ስሙን ምላሴ አይዘውም እንጂ ስፋቱ ከጎንደርም ከጎጃምም ይበልጣል አሉ።

አንድ አርብ ቀን ገበያ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው። አንዲት ሴት በአዲስ አበባ አማርኛ አስተርጓሚ ነኝ አለችኝ፤ አጠገቧ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አለ፣ ስለ ህይወት ቤተሰብ ሊጠይቅ ይፈልጋል።

እኔ ምን መሰለኝ? እኛ ዘንድ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ይላካል፣ ዘር ይጠየቃል፤ ደም አለባቸው ወይ፣ ደማቸው ደርቋል ወይ ይባላል። ደም ኖሮበት የታረቀ ቤት ሲገኝ ደግሞ ይወደዳል፤ ቃል ጠባቂ ነው ይባላል። ለሹመትም እንዲሁ የሚጠይቁ መሰለኝ። እርቁን ማውራት ደሙን ማንሣት አይደለም፤ እርቅ እንዲወራ ነው የሚደረገው። ስለዚህ ከገብስ ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ዱላውን፣ ሱዳንን፣ ድንጋዩን፣ በሬውን፣ መሐላውን።

«ወንድምዎ ፍርድ ቤት ቀርበዋል?» አለች።

«ፍርድ ቤት ምን አመጣው? ታረቅን እኮ ነው የምልሽ።»

«ታስረው ነበር ወይ ነው የሚሉት።»

«ታረቅን።»

«የሟቹን ስም ይነግሩናል?»

«እሱ አይጠራም፤ መሐላ አለው። አየሽ፣ እንዲህ ነን እኛ። ቃላችንን እንጠብቃለን። ይህን ጻፉላት» አልሁ። ለወንድሜ ልጅ የሚሆን ትልቅ ምስክርነት የሰጠሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ። ቂሉ እኔ።

በአምስተኛው ቀን ህይወት ራሷ ደወለች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ እኔን አዛውንቱን «አንተ» ነው የምትለኝ፣ ያን ለምጄዋለሁ።

«አጎቴ፣ ምን አደረግህ? አባቴ ነፍሰ ገዳይ ነው አልካቸው?»

«ታርቋል አልኋቸው እንጂ።»

«እነሱ እሱን አይሰሙም። ተቀናቃኜ በየሰዓቱ በቴሌቪዥን እያወራው ነው። ሰው ገድሎ፣ ዋሽቶ አገራችን የገባ ሰው ልጅ ሕግ ልታስከብር ነው ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሊጠፋ ነው።»

አዘንሁላት። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ ማቴዎስ ከአርብ ገበያ በስልኩ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ህይወት ብዙ ሰው ፊት ቆማለች፤ አንዱ የእኛው አገር ልጅ ከሥሩ በአማርኛ ጽፎበታል። ማቴዎስ አነበበልኝ። «አባቴ ሰው ገድሏል። ለፍርድ አልቀረበም። የአገራችን ሽማግሌዎች በበሬ ጨረሱት። የሰው ደም ግን በበሬ አይከፈልም። ለዚያ ሰው ፍትሕ አልተሰጠውም፤ ዛሬም አልተሰጠውም። አባቴ በሕይወት ቢኖር እኔ ራሴ እከስሰው ነበር። ዐቃቤ ሕግ የሆንሁት ለዚህ ነው» አለች። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበላት።

ሰባት ዓመት የለመንሁት፣ ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ነገር በአንድ ደቂቃ ጭብጨባ ሄደ። «ደሙ አልደረቀም» ማለት ከዚህ ሌላ ምን አለው? ያለችውም የእኛው ቤት ልጅ ናት። የሻረግ ልጇን አዝላ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር። «እስቲ እንደገና ክፈተው» አለችው ማቴዎስን። ከፈተው። «እንደገና» አለች። ተዋርዳ ነው ብዬ ዓይኗን ማየት አፈርሁ።

ወሬው ስማዳ፣ እሸቱ አገር ወገዳ ለመድረስ አራት ቀን አልፈጀበትም። እሸቱ ራሱ መጣ። ግባ ብለው አልገባም፤ ደጃፉ ላይ በበትሩ ተደግፎ ቆመ።

«እንድርያስ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የወንድምህን ደም በበሬ ሸጥህ ሲሉኝ ኖሬያለሁ። በጠላ ቤት፣ በሠርግ፣ በማኅበር። ቻልሁት። እርቅ ነው፣ የእግዚአብሔር ነው እያልሁ ቻልሁት። አሁን ያንኑ ቃል የእናንተው ልጅ በዓለም ፊት ተናገረችው። አልደረቀም አለች። እኔ ደርቋል ብዬ ብቻዬን ልቁም?»

«እሸቱ፣ ልጅ ናት፣ የእኛን ነገር አታውቅም።»

«ሕግ አዋቂ ናት አላላችሁም?»

እሸቱ እርቁ ከፈረሰ ልጃችንን እዚህ የምንተውበት ምክንያት የለም አለ። የሻረግ ሕፃኑን አዘለች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ሁለቱን ትልልቆቹን ሳመችና ተከተለችው። አልተከራከረችም። ማቴዎስ እስከ ወንዙ ሸኝቷት ተመለሰና እስከ ዛሬ ድረስ እህል በወጉ አይበላም። እኔም እንደገና ሳርስ ጥሻ ጥሻውን ማየት ጀመርሁ። የእሸቱ ወንድሞች ልጆች መሣሪያ አላቸው፤ የእርቁን ዘመን እንጂ የደሙን ዘመን አያውቁትም።

ለህይወት ደወልሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኋት። «ለእሸቱ አንድ ቃል ላኪለት። እኔ በድምፄ ይቅርታ ጠየቅሁ በይ። ከዚያ ወዲያ እዚያ የፈለግሽውን ተናገሪ።»

«አጎቴ፣ አሁን አልችልም። ሰዎቼ አይፈቅዱልኝም። የምናገረው ሁሉ ይመረመራል። ምርጫው ይለፍ።»

የአባቷ ቃል ነው፤ ያንኑ ቃል ከአፏ ስሰማ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ግን ታገሥሁ። ምርጫው አለፈ። ጠዋት ላይ ዳዊቴን ደግሜ ሳልጨርስ ደወለች። «አጎቴ፣ አሸነፍን» አለችኝ፣ ከኋላዋ ዘፈንና ጩኸት ይሰማል።

«እሰይ። እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ አሁን ለእሸቱ ላኪለት።»

«አሁንማ ይብስ አልችልም። የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነኝ። ግድያ በሽማግሌ ይጨረሳል ያልሁ ይመስላል። ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ለአገረ ገዥነት ሊያወዳድሩኝ ያስባሉ። ትንሽ ጠብቁኝ።»

«ልጄ፣ አንቺ ገዥ እስክትሆኚ እኛ እዚህ እንተላለቃለን።»

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተናገርሁት ውሸት አለበት?»

ጮህሁባት። እንደ ልጄ አይቼ ለመንሁሽ፣ አንቺ ግን የእኛን ቤት መወጣጫ አደረግሽው አልኋት። ስልኩን ዘጋሁ። ከዘጋሁት በኋላ ነው ጥያቄውን እንዳልመለስሁላት የታወቀኝ።

ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? አባ ገብረ ማርያምን ይዤ፣ ሁለት ሽማግሌ ጨምሬ ወደ ስማዳ ወረድሁ። አባ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ እጃቸውን ይዘን ነው የምናሻግራቸው። ከእሸቱ በር ጥቂት እንደቀረን ድንጋይ መርጬ አንገቴ ላይ አደረግሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አርባ ዓመቴ ነበር። አሁን በስልሳ ሰባት ዓመቴ ሽማግሌዎቹ ደግፈውኝ ገባሁ። ግቢው መካከል ተንበረከክሁ።

እሸቱ ወጥቶ ከፊቴ ቆመ። «በማን ፋንታ ነው የተሸከምኸው?»

«በወንድሜ ልጅ ፋንታ።»

«መጀመሪያ በወንድምህ ፋንታ መጣህ። እሱ ድምፁን ሳያሰማኝ ሞተ። አሁን በልጁ ፋንታ መጣህ። ነገ ደግሞ በልጇ ልጅ ፋንታ ትመጣለህ? አንተን ይቅር ብዬ ምን ይረባኛል፣ አንተ ምን አደረግኸኝ?»

ያለው ሁሉ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይሁን ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ተንበርክኬ ቀረሁ። ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም» ይላሉ፣ እሸቱ በትሩን ተደግፎ ያየኛል። ያን ጊዜ የሻረግ ከቤት ወጣች። ሕፃኑን ለአክስቷ ሰጥታ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች፤ አንገቴ ቀና ስለማይል ዓይኔን ለማየት ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት ማንን ነው?» አለችኝ።

«አጎትሽን ነዋ።»

«የሞተው የእኔ አባት ነው።»

እጇን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች።

«ያቺ ሴት የተናገረችውን ማቴዎስ ሦስት ጊዜ ከፈተልኝ» አለች። «እርስዎ የተዋረድሁ መስሎዎት አፈሩ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ለአባትሽ ፍርድ አልተሰጠውም ያለኝ ሰው ከተወለድሁ ጀምሮ ከእሷ በቀር የለም። እናንተ ታረቃችሁ፤ ጥሩ አደረጋችሁ፣ ሰው አልሞተም። እኔን በስምንት ዓመቴ ማሰሪያ አደረጋችሁኝ፤ እሱንም እሺ ብያለሁ፣ ማቴዎስ ደግ ነው። ግን በእናንተ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ስኖር የአባቴን ስም አንድ ቀን የጠራልኝ የለም። መታወቂያዬ ላይ ያለው እንኳ የአጎቴ ስም ነው። ልጆቼ አያታችን ማን ይባላል ሲሉኝ ዝም እላቸዋለሁ።»

«መሐላ ነው ልጄ» አልሁ።

«እሷም ብትሆን 'ያ ሰው' አለች እንጂ ስሙን አልጠራችም። ድምፅ የምታገኝበት ነገር አደረገችው። እርስዎ ስሙን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ይጥሩት።»

አንገቴ ላይ ድንጋይ እንዳለ ወደ አባ ዞርሁ። «አባ፣ ግዝቱስ?»

አባ ገብረ ማርያም እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳሰሱ። «ያሰርሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሁለቱ ቤት እንዳይጋደል ብዬ ነው። ለልጂቱ አላሰብሁም። እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ጥራው።»

እኔ ያን ስም በአፌ ከያዝሁት ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጎረቤት ነበርን እኮ፤ በልጅነታችን ወንዙ ውስጥ አብረን ዋኝተናል፣ ይህንንም ረስቼው ነበር። ለእናንተም እስከ አሁን «ሟቹ» እያልሁ ነው ያወራኋችሁ፤ ልብ ብላችሁት ከሆነ።

«አዳነ» አልኋት።

እሸቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንደገና» አለች።

«አዳነ። አባትሽ አዳነ ነው። ወንድሜ ነው የገደለው።»

አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፣ አላፍርም። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «አሁን እሷም ትጥራው። ባጨበጨቡላት ሰዎች ፊት፣ በስሙ። ያን ቀን ወደ ቤቴ እመለሳለሁ» አለች። እሸቱም ሳይዞር «አውርደው፣ አንገትህ ይሰበራል» አለኝ። «ይቅር ብዬህ ግን አይደለም። እርቁ ከእሷ ጋር ነው።» ድንጋዩን ከበሩ ዳር አስቀመጥሁት። አሁንም እዚያው ነው፤ ማንም አላነሣውም አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ ከገበያ ሆኜ እደውላለሁ። የህይወት የራሷ ስልክ አይነሣም። የቢሮዋን ቁጥር ማቴዎስ ፈልጎ አገኘልኝ፤ አማርኛ የሚችል ሰው እስኪያገናኙኝ ካርዴ ያልቃል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉኛል። ጉዞ ላይ ናቸው ይሉኛል። ባለፈው አርብ ያገኘኋት ልጅ ትሕትና ነበራት፤ መልእክት ካለዎት ልጻፍልዎት አለችኝ።

«ጻፊ» አልኋት። «ስም ነው። አዳነ በይ።»

«አዳነ… እሺ። ማን ናቸው ብዬ ልንገራቸው?»

«'ያ ሰው' ያልሽው ሰውዬ ነው በያት።»